ከጎረቤት ጋር የተነሣ የአጥር ወሰን ክርክር፦ በካርታው ላይ ካለው የግቢያችን ወርድ 70 ሳንቲ ሜትር ጎደለ፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጥያቄ (የጉለሌዋ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነገሩን ከመጀመሪያው ብጽፈው ምክራችሁ የተሟላ ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ፣ ርዝመቱን ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የወላጆቼ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ በጉለሌ በኩል፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ሰፈር ይገኛል። ግቢው ነባር ይዞታ ሲሆን፣ በአባቴ ስም የወጣው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ስፋቱን 310 ካሬ ሜትር ይለዋል፤ ርዝመቱ ከመንገዱ እስከ ጓሮው 22 ሜትር፣ ወርዱ 14 ሜትር ከ10 ነው። አባቴ በ2013 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ይኖሩበታል፤ እኔ ትዳር ይዤ ሌላ ሰፈር ነው ያለሁት። ካርታው እስከ ዛሬ ድረስ ወደ እኛ ስም አልዞረም።

በምሥራቅ በኩል የሚያዋስኑን ጎረቤታችን፣ እኔ ገና ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልሁ ነው ያደግሁት። ሁለቱ ቤቶች በአንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ አባቴ ያረፈ ዕለት ማለዳ ድንኳኑን ቆመው ያስተከሉት እሳቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው፣ የምናገረው ስለ ክፉ ሰው እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

በመካከላችን የነበረው አጥር በመንገዱ በኩል በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ከመሐል ወደ ጓሮ ደግሞ ጽድ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጎረቤታችን ቆርቆሮውን አንሥተው፣ ጽዱንም ከሥሩ ትንሽ ከፍ አድርገው አስቆርጠው፣ ለግንብ አጥር መሠረት ማስቆፈር ጀመሩ። ቁፋሮው በመንገዱ በኩል ከድሮው ጥግ ላይ ቢነሣም፣ ወደ ጓሮ እየገባ በሄደ ቁጥር ወደ እኛ ግቢ ያዘነብላል። ወንድሜ በሜትር ሲለካው፣ ከቁፋሮው ጠርዝ እስከ ምዕራቡ አጥራችን ድረስ ያለው የጓሮው ወርድ 13 ሜትር ከ40 ሆኖ ተገኘ። ካርታው ከሚለው 70 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል ማለት ነው።

ጥፋታችንን ልደብቅ አልፈልግም። ወንድሜ በንዴት፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ፣ «ወሰናችንን ገፉ» ብሎ ተናገራቸው። እሳቸውም በጣም አዝነው፣ «ከአባትህ ጋር ያቆምነውን አጥር አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሥራው ለጊዜው ቆሟል፤ ግንበኛው ግን ሰኞ ድንጋይ እንደሚያራግፍ ሰምተናል። እናቴ «ለአንድ ክንድ መሬት ብዬ ከሰው አልቀያየምም፤ ተዉት» ትላለች። ወንድሜ ቁፋሮውን ሌሊት በአፈር ሞልቶ ማደር ይፈልጋል። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ።

የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ልኬቱን ማን ቢለካው ሁለታችንም እናምነዋለን? አሁን ዝም ብንል ነገ መብታችንን እናጣለን ወይ? ወደ ፍርድ ቤት ሳንሄድ፣ ከእኚህ ሰው ጋርም ሳንቆራረጥ የምንጨርስበት መንገድ ካለ እባካችሁ አሳዩኝ።

ምላሽ (ቀያሽ ነኝ)

እህቴ፣ በቅየሳ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የምመልስልዎ ስለ ልኬቱ ብቻ ነው። ስለ ሕጉ የሚያውቁ ሰዎች ይጻፉልዎ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወንድምዎ የለካው ከቁፋሮው ጠርዝ እስከ ምዕራቡ አጥር ያለውን ርቀት ነው። ከእነዚህ ሁለት ጫፎች አንዱም የተረጋገጠ ወሰን አይደለም። የጎደለው 70 ሳንቲ ሜትር ሁሉ ከምሥራቅ በኩል እንደተወሰደ የምናውቀው፣ የምዕራቡ አጥር በትክክለኛው መስመር ላይ መቆሙን ስናረጋግጥ ነው። ያንን አጥር ማን አቆመው? መቼ ታደሰ? ሲታደስስ ከቀድሞው ቦታ ተነቃንቆ ይሆን? በሥራ ዘመኔ፣ ሰዎች በአንዱ ጎረቤት ሲያዝኑ ቆይተው ጉድለቱ ከሌላው ጎን የተገኘበትን አጋጣሚ ደጋግሜ አይቻለሁና ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ለማንም ምንም እንዳይናገሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

ሁለተኛው ነገር የቁፋሮው ጠርዝ የግንቡ ጠርዝ አለመሆኑ ነው። የድንጋይ መሠረት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሜትር ያህል ወርድ ሲኖረው፣ በላዩ የሚቆመው የብሎኬት ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ግንበኛው እጁን የሚያሠራበት ቦታ እንዲያገኝ ደግሞ ጉድጓዱ ከመሠረቱም ይሰፋል። ስለዚህ ጎረቤትዎን ሊጠይቋቸው የሚገባው ዋና ጥያቄ፣ የግድግዳው ውጫዊ ፊት በየትኛው መስመር ላይ እንዲያርፍ አስበዋል የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ መሠረቱም ቢሆን ከመሬት በታች ወደ እናንተ መግባት የለበትም። አጥሩ የእሳቸው ብቻ ከሆነ መሠረቱም ግድግዳውም በእሳቸው በኩል ማለቅ አለበት። ወጪውን ተካፍላችሁ የጋራ አጥር ለማድረግ ከተስማማችሁ ግን የግድግዳው መሐል በወሰኑ መስመር ላይ ያርፋል። ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህ በግልጽ ሳይነገር ሥራ ስለሚጀመር ነው።

ሦስተኛ፣ ሰፈራችሁ ተዳፋት ነው ብለዋል። በካርታው ላይ የተጻፈው ርቀት አግድም ርቀት ነው። ሜትሩን በተዳፋቱ ላይ አስተኝተው ከለኩ የሚያገኙት ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ መሬት ላይ፣ አግድም 22 ሜትር የሆነው ርቀት በሜትር ሲለካ 22 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጓሮው ወደ ጎንም የሚያዘነብል ከሆነ፣ ወንድምዎ ያገኘው 13 ከ40 በአግድም ሲሰላ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ተዳፋቱ ጉድለቱን ሊያብራራው አይችልም ማለት ነው። እውነተኛ ጉድለት አለ፤ ያልታወቀው ከየት በኩል እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። ካርታው የማዕዘን ነጥቦች ኮርድኔት (የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ የሚያመለክቱ ቁጥሮች) ካለው፣ ወሰኑን መሬት ላይ ማሳየት የሚቻለው ቶታል ስቴሽን በተባለው ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ ወይም በትክክለኛ የቅየሳ ጂፒኤስ፣ ከታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ተነሥቶ ነው። ወንድምዎ በስልኩ ጂፒኤስ ሊሞክረው እንዳያስብ ይንገሩልኝ። የስልክ ጂፒኤስ በራሱ በብዙ ሜትር ይስታል። ከዚህም በላይ የአገራችን ካርታዎች በአብዛኛው የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ ልኬት መነሻ ሲሆን ስልኩ የሚያነበው በሌላ መነሻ ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ከተነጻጸሩ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ካርታችን የሌላ ሰው ግቢ ላይ ነው» ብለው የተደናገጡ ሰዎች ገጥመውኛል።

በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የከተማ ይዞታ ምዝገባ በሰፈራችሁ ተካሂዶ ከሆነ፣ የሁለቱም ግቢዎች ወሰን በካዳስተር (የይዞታ ወሰን) መዝገብ ላይ ይገኛል። ከሁሉ በፊት ይህንን ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ደግሞ፣ የሁለቱም ቤቶች ካርታ ቀርቦ ባለሙያ ወሰኑን በችካል እንዲያሳያችሁ ለክፍለ ከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻውን ሁለታችሁም ብትፈርሙበት እጅግ የተሻለ ነው፤ ልኬቱ የአንድ ወገን መሆኑ ይቀርና ውጤቱን ሁለታችሁም ታምኑታላችሁ።

አንድ አደራ ልጨምር፤ የጽዱ ጉቶዎች እንዳይነቀሉ። በመስመር የተተከለ ጽድ በሁለቱም ጎን ስለሚወፍር የቅርንጫፉ ጫፍ ወሰን አይሆንም፤ የጉቶዎቹ መሐል ግን ድሮ የተተከለበትን መስመር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሜትሩን አጠገባቸው ዘርግተው ፎቶግራፍ ያንሷቸው። የቆርቆሮው ቋሚዎች የተተከሉባቸውን ጉድጓዶችም እንዲሁ። ሰኞ ድንጋይ ከተራገፈባቸው ይህ ሁሉ ማስረጃ ይጠፋል።

ምላሽ (የሕግ ባለሙያ)

ቀያሹ የጻፉት መቅደም ያለበት ነው። እኔ «ዝም ብንል መብታችንን እናጣለን ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ልመልስ፤ እናትዎ «ተዉት» ማለታቸው ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ዝምታ በሕግ ፊት ዋጋ አለውና።

በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ሁከቱ እንዲወገድለት መጠየቅ ይችላል። ይህ በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የምንለው ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈበት፣ ይታገዳል። ከዚያ በኋላም የመፋለም ክስ የሚባለው በቁጥር 1206 ያለው መንገድ አለ፤ ነገር ግን ያኛው የመብቱን ምንጭ ማስረዳትን ስለሚጠይቅ ክርክሩ ይረዝማል፣ ይከብዳልም።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስብዎ የሚገባው ቁጥር 1178 እና 1179 ነው። ሕጉ በሌላ ሰው መሬት ላይ ተቃውሞ እየቀረበበት የሠራን ሰውና ተቃውሞ ሳይቀርብበት የሠራን ሰው በአንድ ዓይን አያይም። ተቃውሞ ሳይቀርብበት የገነባ ሰው የሠራው ነገር ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ባለመሬቱ ሊያስለቅቀው ቢፈልግ የሕንፃውን ዋጋ ሩብ እንዲከፍል ሕጉ ይደነግጋል። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት መሬት የግል ንብረት በነበረበት ዘመን ቢሆንም፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ በኋላም በይዞታ ክርክሮች ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ግንቡ ከመቆሙ በፊት ተቃውሞዎን በጽሑፍ ማስታወቅዎ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ይሆናል።

ደብዳቤው የጠብ ደብዳቤ መሆን የለበትም። «ከካርታችን ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ስላየን፣ ወሰኑ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ሥራው እንዲቆይልን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚል፣ ቀን ያለው አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ተቀብለው እንዲፈርሙልዎ ይጠይቁ፤ ባይፈርሙ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይስጧቸው። ግልባጩን ለወረዳው ያስገቡና የአጥር ግንባታ ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነም ይጠይቁ። ደብዳቤውን ተቀብለው ሥራውን ከቀጠሉ፣ ክስ መሥርቶ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ጊዜያዊ የእግድ ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ወደዚያ እንደማይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወንድምዎን ግን ዛሬውኑ ያነጋግሩት። ሕጉ በቁጥር 1148 ባለይዞታ የሚደርስበትን ድርጊት እንዲመክት የሚፈቅደው ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቅጽበት ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ የሰው ቁፋሮ መሙላት በዚያ ውስጥ አይገባም። እንዲያውም ያን ቢያደርግ ከሳሽ የነበራችሁት ተከሳሽ ትሆናላችሁ፣ የያዛችሁት እውነትም በዚያ ይሸፈናል። ችካልና የወሰን ምልክት መንቀል ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ስለ ካርታው አንድ ነገር ልበል። የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ሰው በቁጥር 1195 መሠረት ባለመብት እንደሆነ ይገመታል። ጎረቤትዎም ካርታ ይኖራቸዋልና ግምቱ ለሁለታችሁም ይሠራል። ሁለቱ ካርታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ እርስ በርስ ካልተደራረቡ፣ ጉዳዩ ወሰኑን መሬት ላይ የማሳየት ጉዳይ ብቻ ነው። ከተደራረቡ ግን ስሕተቱ የሁለታችሁም ሳይሆን የካርታው ነውና፣ ካርታውን የሰጠው አካል እንዲያርመው በጋራ ማመልከት እንጂ እርስ በርስ መካሰስ ትርጉም አይኖረውም።

በመጨረሻም፣ ብትስማሙ ስምምነቱን በቃል አታስቀሩት። በቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት የእርቅ ስምምነት በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ሁለት ምስክሮችም ያስፈልጉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚደረገው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው። በአግባቡ የተደረገ የእርቅ ስምምነት በቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። እዚህ ላይ ግን የእናንተ ቤት ጉድለት ይወጣል። ካርታው በሟች አባትዎ ስም ስለሆነ፣ እርስዎ ወይም ወንድምዎ ብቻችሁን ብትፈርሙ ፊርማው አይጸናም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ፣ እናትዎና ወራሾች በሙሉ መፈረም ወይም ውክልና መስጠት ይኖርባችኋል። አጥሩ ባይነሣም ኖሮ ይህን ማድረጋችሁ ግድ ነበር።

ምላሽ (ሻጩ)

አጭር ነገር ልጨምር። እኛም እንደ እናትዎ «ይቅር» ብለን ነበር። ጎረቤታችን ግንቡን ሲያቆም ዝም አልን፤ የተወሰደውም ከእናንተ ያነሰ ነበር። ከ9 ዓመት በኋላ ቤቱን ለመሸጥ ስንዋዋል፣ ስም ለማዛወር ግቢው ሲለካ ከካርታው ጋር አልገጥም አለ። ገዢው ውሉን አዘገየ፣ ዋጋውንም ቀነሰ። ጎረቤታችን በመካከሉ ዐርፈው ስለነበር ነገሩን የሚያስታውስ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ልጆቻቸው «ግንቡን እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘነው» አሉን፤ እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ ብትጨርሱት እናትዎንም ጎረቤትዎንም ትረዷቸዋላችሁ።

ምላሽ (ከሰሜን ሸዋ)

ልጄ፣ እኔ ሕግ ያልተማርሁ፣ ነገር ግን በገጠርም በከተማም በብዙ የወሰን ሽምግልና የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። በገጠር የእርሻ ድንበር ክርክር በየክረምቱ መግቢያ ስለሚነሣ፣ ሥራዬ ብዬ ለምጄዋለሁ። የገጠሩ የመሬት አዋጅ እንኳ ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ ተነጋግረው እንዲስማሙ፣ ካልሆነላቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይላቸው ይላል። የከተማው ሥርዓት ሌላ እንደሆነ ከላይ የጻፉት ባለሙያዎች ነግረውሻል፤ የሰው ልብ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

ከሜትሩ በፊት ቃሉ መነሣት አለበት። «ወሰን ገፋህ» ማለት በእኛ ዘንድ ተራ ስድብ አይደለም። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ቀን ሠራተኞች እየሰሙት፣ ከልጅነቱ ባሳደገው ልጅ ሲባል፣ ጉዳዩ ከመሬት ወጥቶ ስለ ስሙ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጥቶ 70 ሳንቲ ሜትር አልፈዋል ቢላቸው፣ መቀበል ማለት ስድቡን መቀበል ስለሚመስላቸው አይቀበሉም። ስለዚህ ወንድምሽ ከእናትሽ ጋር ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ። ይቅርታውም ስለ ንግግሩ ብቻ ይሁን፤ ስለ ልኬቱ በዚያ ቀን አንድም ቃል አታንሡ። ይህን የምልሽ መሬታችሁን እንድትተዉ አይደለም። በይቅርታና በልኬት መካከል አንድ ሌሊት ይደር፤ ያኔ ሁለቱ ነገሮች አይቀላቀሉም።

በማግሥቱ ሽማግሌ ምረጡ። እናንተ አንድ፣ እሳቸው አንድ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ሦስተኛውን ይጥሩ። የሁለቱም ዘመድ ያልሆነ ሰው ይሁን። በአንድ እድር ስለሆናችሁ ከእድሩ ሽማግሌዎች ማግኘት አይቸግርም፤ ግን ከዚህ ቀደም ከአንዱ ቤት ጋር የገንዘብ ወይም የመሬት ጉዳይ የነበረውን አትጥሩ። ሽማግሌዎቹ በማንም ሳሎን አይቀመጡ፤ አጥሩ ሥር ይቁሙ። ቡና የጠጡበት ቤት ልባቸውን ሳያውቁት ይስበዋል።

ልኬቱን ባለሙያ ቢለካውም፣ ገመዱን በአንድ ጫፍ ወንድምሽ፣ በሌላው ጫፍ የጎረቤታችሁ ልጅ ይያዘው። እኔ ይህንን ሳላደርግ የዳኘሁት አንድ ወሰን በዓመቱ ተመልሶ መጥቶብኝ ያውቃል፤ አንደኛው ወገን «ሽማግሌው ገመዱን አላላው» ብሎ ነበር። በእጁ ከያዘው በኋላ ግን ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። ከልኬቱ በፊት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ወሰኑ የሚያልፍበትን ቦታ እየተራመዱ ያሳዩ፤ በየተራ እንጂ አብረው አይሁን። ብዙ ጊዜ የሁለቱ ሰዎች መስመር የተጣላ የሚመስለው ወሬው ላይ ነው እንጂ፣ መሬት ላይ ሲያሳዩት የአንድ ስንዝር ልዩነት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እናትሽን በተመለከተ፣ «ተዉት» የሚለው ቃላቸው ክብር ይገባዋል። መተው ግን መብትን አውቆ ሲሆን ያምራል። ተለክቶ የእናንተ መሆኑ ታውቆ፣ ከዚያ በኋላ እናትሽ ለጎረቤታቸው ሲሉ አንድ ስንዝር ቢለቁ ያ ስጦታ ነው፤ በጽሑፍም ይግባ። ሳይለካ የተተወው ነገር ግን በወንድምሽ ልብ ቂም ሆኖ ይቀመጣል።

ጠያቂዋ ከአምስት ሳምንት በኋላ

የተከበራችሁ መካሪዎቼ፣ ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ውለታችሁን መርሳት ይሆንብኛል።

ወንድሜ በዚያው እሑድ ከእናቴ ጋር ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ የጻፉትን አባት ምላሽ ካነበብሁለት በኋላ ግን ብዙ ሳይናገር ጫማውን አጠለቀ። ጋሼ ግንበኛውን ራሳቸው ደውለው «ድንጋዩን አቆይልኝ» አሉት። ደብዳቤውንም በማግሥቱ ስወስድላቸው አንብበው ፈረሙልኝ፤ «በጽሑፍ መሆኑ ለእኔም ይሻለኛል» አሉ። ለክፍለ ከተማው ያስገባነውን ማመልከቻ እሳቸውና እናቴ አብረው ፈረሙበት።

ባለሙያው የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነበር። ሁለቱ ካርታዎች አይደራረቡም። የጓሮው ወርድ በአግድም ሲለካ 13 ሜትር ከ35 ስለሆነ፣ ጉድለቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ የጋሼ ቁፋሮ ወደ እኛ የገባው 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው 53 ሳንቲ ሜትር የጎደለው በምዕራቡ በኩል ነው። እናቴ ያን ጊዜ አስታወሰች፤ አባቴ ያንን አጥር ሲያድስ፣ የክረምቱ ጎርፍ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ከውጭ በኩል ለቦይ ቦታ ትቶ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር ያቆመው። በእኛው እጅ የተተወ መሬት ነው። ቀያሹ ወንድሜ፣ እርስዎ ያን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ኖሮ፣ በሰው ላይ የማይገባውን 53 ሳንቲ ሜትር ልንጭንበት ነበር።

የጽዱ ጉቶዎች መሐል ከችካሉ መስመር ጋር ለጥቂት ጣት ያህል ብቻ ነው የተለያየው። ጋሼ ጉቶዎቹን በምርኩዛቸው እየነኩ ከጥግ እስከ ጥግ ከሄዱ በኋላ፣ ቁፋሮው ያዘነበለው ቆፋሪዎቹ ከጓሮ በኩል ሲባጎውን ከጉቶው በዚህኛው ጎን ስላሰሩት እንደሆነ ራሳቸው አገኙት። የ22ቱን ሳንቲ ሜትር ቁፋሮ በራሳቸው ወጪ አስሞልተው መስመሩን አስተካከሉ። እናቴ አጥሩ የጋራ እንዲሆንና የብሎኬቱን ወጪ እኩል እንድንከፍል ሐሳብ አቅርባ ተስማምተዋል፤ ስለዚህ የግድግዳው መሐል በወሰኑ ላይ ያርፋል።

የወራሽነት ማረጋገጫውን ለማውጣት ፍርድ ቤት አመልክተናል። እሱ እንደወጣ የስምምነቱን ሰነድ አስመዝግበን እንፈራረማለን፤ ሁለቱን ምስክሮች ከእድሩ መርጠናል። የምዕራቡ ቦይ ጉዳይ ገና ነው። በዚያ በኩል ላሉት ጎረቤቶቻችን እናቴ ራሷ ሄዳ ካርታውን ልታሳያቸው አስባለች፤ ወንድሜም ቤት እንደሚቀር ቃል ገብቶልኛል።